ያልተጠጣው ውኃ

ሟቹ በጎኑ ወድቆ፣ አንድ እጁ ወደ ቁልቁለቱ ተዘርግቶ ነበር። ከጭንቅላቱ የኋላ ክፍል የቀረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያንን የሠራው ድንጋይ እዚያው አጠገቡ ተጥሏል፤ ደምና ፀጉር ተለጥፎበት በፀሐይ ደርቋል። ዝንቦቹ ከፖሊስ ቀድመው ደርሰዋል። እነሱ መቼ ጥሪ ይጠብቃሉ!

ቦታውን ሯጮቹ «ጉሮሮ» ይሉታል። በሁለት ቋጥኞች መካከል አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ መንገድ ነው፤ ነፋስ አይገባበትም፤ በበጋ እኩለ ቀን ድንጋዩ እጅ አያስነካም። ጤነኛ ሰው ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ከጎህ ጀምሮ ተራራ ለተራራ በገዛ ፈቃዱ የሚሮጥ ሰው እኔ በበኩሌ ገብቶኝ አያውቅም። ኢንስፔክተሯም እንደኔው ናት።

«አውሬ አባሮት ቢሆን እሺ» አለች ላቧን በመዳፏ እየጠረገች። «ማንም ሳያባርረው?»

ባልደረቦቿ «ቁንጥጫ» ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊት ማን ደፍሮ! አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ጥያቄዋ ትንሽ ነው፤ ግን ሥጋ ይዞ ይጠመዝዛል።

የውድድሩ ሐኪም ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ሟቹ «ቀስት» የሚባለው የተራራ ሯጭ ነው፤ ዛሬም ሲመራ የነበረው እሱ ነው።

«ስንት ጊዜ ተመታ?» አለች።

«ብዙ ጊዜ። የመጀመሪያው ጥሎታል። የቀሩት ለንዴት ናቸው።»

«አፉን ክፈትልኝ።»

ሐኪሙ ከፈተላት። ጥርሶቹ ቀይ ናቸው። ከንፈሩ ግን አልተሰነጠቀም፤ ምላሱም ደህና ነው።

«ይሄ ደም የራሱ አይደለም» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት፤ በሆዴ።»

ኢንስፔክተሯ እያቃሰተች ቁጭ አለች። የሟቹ ከናቴራ በላብ ርሶ፣ ደርቆ፣ ነጭ የጨው ካርታ አውጥቷል። አንገቱ ላይ የተጠመጠመው ሻሽ ግን ገና ይንጠባጠባል። ሯጮች በሙቀት ጊዜ በሻሽ በረዶ ጠቅልለው አንገታቸው ላይ ያስራሉ፤ ይህንን ጠዋት አይታለች። ቋጠሮውን ፈለገችው። ማጅራቱ ላይ ነው፤ የጨርቁ ጫፍ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል።

ደረቱ ላይ ባሉት ሁለት ኪሶች ሁለት የላስቲክ ጠርሙሶች አሉ፤ ሲጠጣባቸው እንደ ፊኛ የሚጨማደዱ ዓይነት። ሁለቱም ሙሉ ናቸው። አንዱን ጆሮዋ ጋ አስጠግታ ነቀነቀችው፤ ድምፅ የለም። ፈታ አሸተተችው፤ መራራ ሽታው ፊቷን አስጨማደዳት።

«ዶክተር፣ የመጨረሻው የውኃ ጣቢያ ከዳገቱ በታች ነው አይደል? ከዚያ እዚህ ድረስ ምንጭ፣ ቧንቧ፣ የሆነ ነገር አለ?»

«ጠብታ የለም።»

«ታዲያ ያንን ዳገት በዚህ ፀሐይ የወጣ ሰው ሁለት ሙሉ ጠርሙስ ይዞ እንዴት ይገኛል?»

ከቋጥኙ ኋላ ወደ ድሮው የድንጋይ ካባ የሚወስድ የመኪና መንገድ አለ። ኢንስፔክተሯ የጎማ ዱካ ልትፈልግበት ሄደች፤ ያገኘችው የራሷን የፖሊስ መኪና ዱካ ብቻ ነው። ሾፌሯን ከነዘር ማንዘሩ ረገመችው። ያን ጊዜ ሬዲዮዋ ጮኸ።

«ኢንስፔክተር፣ ቶሎ ይድረሱ! ወንድምየውን ሊገድሉት ነው!»

* * *

የሟቹ ታናሽ ወንድምም ሯጭ ነው። ሁልጊዜ ከታላቁ ቀጥሎ ሁለተኛ ስለሚገባ «ጭራ» ብለው ያሾፉበታል። ዛሬ ግን ብቻውን፣ አንደኛ ሆኖ ከተራራው ወረደ። ሕዝቡ አበደ። ልጁ እጆቹን እያወዛወዘ «ሐኪም! ሐኪም!» ይላል፤ በድምፅ ማጉያው የሚለፈልፈው ሰውዬ «አዲስ ጀግና!» እያለ ይጮህበታል። ሪባኑን ደረቱ ሲበጥሰው ነጩ ሪባን ቀላ። ያን ጊዜ ነው ሰው እጆቹን ያየው።

ጠዋት ሁለቱ ወንድማማቾች መነሻው መስመር ላይ ተደባድበው ነበር። ታናሽየው «ዛሬ እገድልሃለሁ!» ሲል ያልሰማ የለም። ኢንስፔክተሯ ሐኪሙን ይዛ ወደ ጉሮሮው ወጥታ የቀስት ሞት ሲሰማ፣ ማን ምርመራ ይጠብቃል? የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ልጁ አቧራ ላይ ወድቆ በጫማ፣ በባንዲራ እንጨት፣ በወንበር እግር ይቀጠቀጣል። ከላዩ አንዲት ቀጭን አሮጊት ተዘርግታበታለች፤ እናቱ ናት። ዱላው እሷም ጀርባ ላይ ያርፋል።

«አንዱ ተገደለብኝ!» ትላለች። «ይሄንን እኔን ሳትገድሉ አታገኙትም!»

የእናትየው ወንድም፣ የሁለቱ ልጆች አጎትና አሰልጣኝ፣ ሯጮች ሁሉ «ጋሼ» የሚሉት ሽማግሌ፣ ክንዷን ይዞ ይጎትታታል። «ተነሺ እህቴ! ነፍሰ ገዳይ ነው! ተይው!»

ኢንስፔክተሯ ከፊቷ ያገኘችውን ጎረምሳ በጥፊ አጮለችው፤ የባንዲራ እንጨቱን ነጠቀችና ቀጣዩን ጉልበቱን አለችው። ሦስተኛው ሳይደርስበት ሸሸ። ፖሊሶቹ ከኋላዋ ገቡ፤ ልጁን ከነእናቱ እየጎተቱ የሐኪሙ ድንኳን ውስጥ አስገቡት።

ከአለቆቿ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነበር። ልጁን የሚወስድ የእስረኞች መኪና ተልኳል፤ እስኪደርስ ትጠብቀው፤ ነገሩ ግልጽ ነው። እናትየው ይህን ሰማች። የኢንስፔክተሯን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«የኔ ልጅ፣ ጠዋት ከቤት ስወጣ ሁለት ነበሩኝ። ባዶ እጄን ግቢ ነው የምትዪኝ?»

ቁንጥጫ ሰው ሲለምናት አይሆንላትም። «እናቴ፣ እውነቱን ነው የማመጣልዎት። ከእውነቱ ጋር ልጅዎ ከመጣ እሰየው።»

* * *

ልጁ ድንኳኑ ውስጥ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ስፖንጅ የሚነከርበትን ባልዲ አንስቶ መጠጣት ነበር። ከንፈሩ ተተርትሮ ደሙ ውኃው ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ግድ አላለውም። ኢንስፔክተሯ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ስትደርስ ሞቶ ነበር?»

«አላወቅኩም። ይሞቅ ነበር እኮ! በዚያ ፀሐይ ምኑ ይለያል? ላነሳው ስል ጭንቅላቱ እጄ ላይ…» እንባው አላስጨረሰውም። «ሮጥኩ። ሐኪሙ ያለው ታች ነው።»

«ሪባኑን ለምን በጠስከው ታዲያ?»

«መንገዱ ላይ ነበራ! ሐኪሙ የቆመው ከሪባኑ ኋላ ነው። በየት ልዙር?»

ኢንስፔክተሯ ፈገግታዋን ዋጠችው።

«ከንፈርህን የመታህ ሕዝቡ ነው?»

«አይደለም። ይሄ የጠዋቱ ነው። ወንድሜ ነው።» ዓይኑ እንደገና በንዴት ፈጠጠ፤ ከዚያ ንዴቱ ያሳፈረው መሰለ። «ቀናብኝ። ጋሼ የራሱን መጠጥ ሁሌ የሚያዘጋጀው ለወንድሜ ብቻ ነበር። ዛሬ ጠርሙሱን ለእኔ ሰጠኝና ‘ዛሬ ያንተ ቀን ነው’ አለኝ። ገና አንድ ጉንጭ ቀምሼ ሳልውጥ፣ ወንድሜ መጥቶ በቡጢ አለኝ። ጠርሙሱንም በጫማው ጨፈለቀው። ‘ሁለተኛ ስትጠጣ ባይህ ጥርስህን ነው የማረግፈው!’ አለኝ። ሰው ሁሉ እያየ!»

«አንተስ?»

«እገድልሃለሁ አልኩት።» አንገቱን ደፋ። «የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው። ዳገቱን ሁሉ ስወጣ፣ ስደርስበት ይቅርታ ልለው ነበር።»

«ጉሮሮው ጋ ስትደርስ ውኃ ነበረህ?»

«ዳገቱ ላይ ነው ያለቀብኝ። ምላሴ እንጨት ሆኖ ነበር።»

«የወንድምህን ጠርሙሶች አላየሃቸውም?»

ልጁ ግራ ገብቶት አያት። «ምን ጠርሙስ?»

* * *

የሟቹ ሚስት ነርስ ናት። የመጨረሻው የውኃ ጣቢያ ላይ ከሌሎች ብዙ ረዳቶች ጋር ውላለች፤ ከዚያ ለአፍታ እንዳልተለየች ሁሉም መስክሮላታል። ጣቢያው ላይ ባልና ሚስቱ ሲጨቃጨቁ ግን ታይተዋል። ኢንስፔክተሯ ባዶ ጀሪካኖች መካከል ተቀምጣ አገኘቻት።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«ጠርሙሱን ልሙላለት ስል እጄን መታኝ። ‘ከሰው እጅ አልጠጣም’ አለ። በገዛ እጁ ከጀሪካኑ ንጹህ ውኃ ቀዳ። በረዶውንም ራሱ ጠቅልሎ ራሱ አሰረ።»

«በየት በኩል ቋጠረው?»

ሚስትየው በጥያቄው ተገረመች። «ከፊት ነዋ። እዚህ ጋ።» ጉሮሮዋን በጣቷ ነካች። «እየሮጠ የሚያስር ሰው ማጅራቱን ማን ያይለታል?»

«ከጠርሙሱ አየር የማውጣት ልማድስ ነበረው?»

«ያስለመደው ጋሼ ነው። አየር ካለበት ውኃው ደረቱ ላይ ሲንቦጫረቅ ይሰማዋል፤ ያሳብደዋል። ጋሼ ሲሞላለት ጠርሙሱን ገልብጦ፣ ጨምቆ፣ አየሩን ያወጣለታል። እሱ ግን ራሱ ሲሞላ ትዕግሥቱም የለው። ዛሬም እየተንቦጫረቀ ነው የሄደው።»

«ከሰው እጅ መጠጣት ለምን ተወ?»

ሚስትየው ከንፈሯን ነከሰች። «እናቱ እንዳትሰማ አስምሎኛል። ሆድ ይፍጀው።»

ኢንስፔክተሯ ለጊዜው ተወቻት። ሄዳ አዘጋጁን ያዘች፤ ቀይ ኮፍያ ያደረገ፣ ላቡ የሚንቆረቆር፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ የቸኮለ ሰው ነው።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ሙቀቱ ሰው ይገድላልና ውድድሩ ይሰረዝ አለ። አይሰረዝም አልኩት። በዚህ ሰው ይገደላል እንዴ? ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማይክራፎን ከያዘው ልጅ ጎን ነው የቆምኩት፤ እሱን ይጠይቁት!»

«ከጣቢያዎቹ ውጪ ለሯጭ ውኃ መስጠት ይፈቀዳል?»

«ኧረ ወዲያ! ሯጩ ይባረራል። አንድ ብርጭቆ እንኳ አይፈቀድም።»

«በካባው መንገድ መኪና ይዞ ጉሮሮው ጋ የሚደርስ ሰው ያውቃሉ?»

«ያ መንገድ ድሮ የተተወ ነው፤ ከእናንተ ከፖሊሶቹ በቀር ዛሬ የሚነዳበት የለም። የሩጫውን መስመር መጀመሪያ የቀየሱት ጋሼ ናቸው፤ ምናልባት እሳቸው…» አዘጋጁ የተናገረውን ራሱ ሰምቶ አፉን በመዳፉ ያዘ።

* * *

ጋሼ ከእህቱ ጎን፣ የዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል። በዚያ ንዳድ ሰው ሁሉ ልብሱን አውልቆ ሲጥል፣ እሱ የስፖርት ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጅጌውን እስከ መዳፉ ጎትቷል። እህቱ ራሷን ልትስት ስትል ሻሽ ውኃ ውስጥ ነክሮ አንገቷ ላይ አደረገላት፤ ከኋላዋ ዞሮ ማጅራቷ ላይ ቋጠረው፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጠው። ምን እንደሚሠራ እንኳ አላየም፤ ጣቶቹ በራሳቸው ነው የሠሩት። ኢንስፔክተሯ ግን አየች።

«ጋሼ፣ አይሞቅዎትም?»

«ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ሐዘን ነው።» ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ እንባውም እውነተኛ ነበር። «ከልጅነቱ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አባቱ ሲሞት እጁን ይዤ ተራራ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«እግዜር ያጽናዎት። ረፋዱ ላይ የት ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ? እዚሁ፣ ከእህቴ ጋር።»

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገችና ወደ እናትየው ዞረች። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትንሽ በረዶ ይኖር ይሆን? ይሄ ጉልበቴ ገደለኝ።»

«አይ ልጄ» አለች እናትየው፤ በሐዘኗ መካከል እንኳ እንግዳ ባዶ እጁን መመለሱ ከንክኗት። «ሳጥኑ ጠዋት ሙሉ ነበር። እሱ በመኪና ይዞት ሄዶ ባዶውን ነው የመለሰው።»

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። «መኪናው ውስጥ ተኝቼ ነው፤ በረዶው ቀለጠብኝ።»

«ይቀልጣል እንጂ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ «በረዶ ምን ያደርጋል ታዲያ?»

* * *

የእስረኞቹ መኪና ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ደረሰ። መኮንኑ ወርዶ ካቴናውን እያንቃጨለ ወደ ትልቁ ድንኳን ገባ። ኢንስፔክተሯ ሁሉንም እዚያ ሰብስባቸው ነበር፤ ልጁን፣ እናቱን፣ የሟቹን ሚስት፣ አዘጋጁን፣ ሐኪሙን፣ ጋሼን። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ሙሉ ጠርሙሶችና የሟቹ ሻሽ፣ ቋጠሮው ሳይፈታ ተቆርጦ፣ ተቀምጠዋል።

«ልጁን ልውሰድ?» አለ መኮንኑ።

«ትወስዳለህ፤ ማንን እንደሆነ ልንገርህና።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሁላችሁም ይሄ ልጅ ወንድሙን የገደለው ለማሸነፍ ነው ትላላችሁ። እሺ። ገደለው እንበል። ከፊቱ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ ፀሐዩ ሰው ይጠብሳል፤ የእሱ ውኃ አልቋል። ከገደለው ሰው ደረት ላይ ደግሞ ሁለት ሙሉ ጠርሙስ አለ። ለማሸነፍ ብሎ ድንጋይ ያነሳ እጅ፣ ጠርሙሱን ሳያነሳ ይሄዳል? ወንድሙን ሊያድን የሚሮጥ ሰው ግን ውኃም አይታየው፤ ሪባንም አይታየው። ይሄ ልጅ ከባልዲ የእግር እጣቢ የሚመስል ውኃ ሲጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ገዳዩ ያልጠማው ሰው ነው።»

አዘጋጁ ኮፍያውን አወለቀ።

«ቀጥሎ፣ ጠርሙሶቹ ለምን ሙሉ ሆኑ? ከጣቢያው ሲነሣ ውኃው እየተንቦጫረቀ ነበር፤ ሚስቱ ሰምታለች። እዚህ ግን የአየር ጠብታ የለም። ዳገቱ ላይ ምንጭ የለም። ስለዚህ ጉሮሮው ጋ ሌላ ጠርሙስ ይዞ የጠበቀው ሰው አለ፤ አየሩን ማውጣት የለመደ ሰው። ሻሹንም ከፊት አስሮት የሄደው፣ እዚያ ከኋላ ታስሮ፣ አዲስ በረዶ ገብቶበት ነው ያገኘሁት። ማጅራት ላይ የሚቋጥር ሌላ ሰው ነው።» ብድግ አለች። «እናቴ፣ አንገትዎ ላይ ያለውን ላንሳው?»

እናትየው አንገቷን ዘንበል አደረገች። ሐኪሙ ሻሹን ቋጠሮው ሳይፈታ ቆርጦ ከሟቹ ሻሽ አጠገብ አስቀመጠው። ሁለቱም ጫፋቸው ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። ማንም እንዲብራራለት አልጠየቀም።

«ሯጭ ሁሉ እንደዚያ ያስራል!» አለ ጋሼ።

«ምናልባት። ይሄን ግን ሯጭ ሁሉ አይጠጣም።» አንዱን ጠርሙስ ከፍታ ለልጁ ሰጠችው። «እንዳትቀምሰው። አሽትተው።»

ልጁ አፍንጫውን አስጠጋ፤ ፊቱ ተለወጠ። «የጠዋቱ ነው። ጋሼ የሰጠኝ። ይሄ መራራ ሽታ…»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሚስትየው ዞረች። «የኔ እህት፣ ሆድ ይፍጀው ብለሽኝ ነበር። ሆድሽ የሚፈጀውን ያህል ፈጅቷል። አሁን ዝም ካልሽ ይሄንን ልጅ ይዘውት ይሄዳሉ።»

ሚስትየው አማቷን አየች፤ ከዚያ ተናገረች። «ሽንቱ ጥቁር ነበር። ኩላሊቱ እየሞተ ነበር፣ እማማ! ጋሼ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያጠጣው፣ የሚወጋው መድኃኒት ነው የጨረሰው። እንዳይነግርዎት ፈርቶ… ዛሬ አሸንፎ፣ ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ፣ ለሰው ሁሉ ሊናገር ነበር። ‘ግን ያሳደገኝ ሰው ነው፤ ከሕዝብ በፊት ከራሴ አፍ ይስማ’ አለኝ።»

«ጉሮሮው ላይ ሰማ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጋሼ፣ በየውድድሩ እዚያ በድብቅ እየጠበቁ ውኃና በረዶ ይሰጡት ነበር። ዛሬም መጣ፤ ቆመ። እርስዎም እንደ ሁልጊዜው ጠርሙሱን ቀየሩ፤ በረዶውን አሰሩ። እጅዎ ሳያስበው ሠራ። እሱ ግን አልጠጣም። ነገረዎትና ጀርባውን ሰጠዎት። ድንጋዩን ያነሱት ያኔ ነው። ሲወድቅ ግን ዝም ብሎ አልወደቀም። የታናሽየው የሩጫ ድምፅ ከዳገቱ ሲሰማዎት ቋጠሮውንም ጠርሙሱንም ትተው ወደ መኪናዎ ሮጡ።»

«ሐሜት ነው!» ጋሼ ተነሣ። «የሴት ሐሜት! ማን አየኝ?»

«እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

ጋሼ አልሰበሰበም። ጠረጴዛውን በእግሩ ገለበጠው፤ የድንኳን ካስማ የሚመታበትን መዶሻ ከመሬት አፈፍ አድርጎ ወደ ሚስትየው ዘለለ። ልጁ መሀል ገባ፤ መዶሻው ትከሻው ላይ ሲያርፍ የአጥንቱ ድምፅ ተሰማ። ወደቀ፤ ግን የአጎቱን እግር አልለቀቀም። ጋሼ መዶሻውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሣ ቁንጥጫ በሙሉ ክብደቷ ከጎኑ መጣችበት። ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። ጉልበቷን ደረቱ ላይ አሳረፈች፣ ያንን የሚያማትን ጉልበት፣ እጅጌውንም እስከ ክርኑ ቀደደችው።

ክንዱ ላይ የጥርስ ንክሻ አለ፤ ጥልቅ፣ ያበጠ፣ ዙሪያው የጠቆረ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት!» አለ ጋሼ መሬት ላይ ሆኖ፤ አፉ አረፋ ደፍቋል። «ማን ነበር እሱ? ማን ያውቀው ነበር? እኔ ሰው አደረግኩት፤ እሱ በሕዝብ ፊት ሊቀብረኝ! ደግሞ ‘ትንሹን አትነካውም’ ይለኛል! ለኔ ይሄን ይለኛል!»

እናትየው ተነሥታ መጣች። ፖሊሶቹ መንገድ ለቀቁላት። ቁጭ ብላ የወንድሟን ክንድ አንሥታ ንክሻውን አየችው። በጣቷ አንዱን የጥርስ ምልክት ነካች።

«ይሄ የልጄ ጥርስ ነው» አለች። «ይቺ የተጣመመችው። ስትበቅል ጀምሮ ጠማማ ነበረች።»

ከዚያ የወንድሟን ፊት በጥፊ መታችው፤ ደገመችው፤ እጇ እስኪዝል መታችው። ማንም አልያዛትም። መኮንኑ ካቴናውን ሽማግሌው እጅ ላይ አስገብቶ እየጎተተ ወሰደው።

ልጁ ትከሻውን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል። ወደ ኢንስፔክተሯ ቀና አለ።

«‘ትንሹን አትነካውም’ አለው? እኔን ማለቱ ነው?»

«አንተን ነው።»

«የጠዋቱም…»

«የጠዋቱም አንተ እንዳትጠጣ ነው። ማስረዳት አልሆነለትም። ቡጢ ነበር ያለው፤ በቡጢ ነገረህ።»

ልጁ አፉን ከፍቶ አለቀሰ። ሐኪሙ መርፌና ክር ይዞ ከጎኑ ተንበረከከ። «ና፣ ትከሻህን አስረን ይቺን ከንፈርህን እንስፋት። ያለዚያ ጠባሳዋ ይቀራል።»

«ተዋት ዶክተር» አለ ልጁ፤ የተተረተረ ከንፈሩን በመዳፉ ሸፈነ። «ትቅርልኝ። የወንድሜ ናት።»

እናትየው ደህናውን ክንዱን ይዛ አስነሣችው። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች።

«አንዱን ይዤ ልግባ?»

«ይዘው ይግቡ፣ እናቴ።»